ያረጀ ሥዕል የት ይጣላል?

ጳጉሜ ሲያልቅ በብዙ ቤት አንድ ትንሽ ችግር ይፈጠራል። ዓመቱን ሙሉ ግድግዳ ላይ የከረመው የቀን መቁጠሪያ ጊዜው አልፎበታል። ከታች ያሉት ቁጥሮች ከእንግዲህ ለማንም አይጠቅሙም፤ ከላይ ግን እመቤታችን ልጇን ታቅፋ አለች። ወረቀቱ አንድ ነው፣ ቀለሙ አንድ ነው፣ ያተመው ማሽንም አንድ ነው። ታዲያ ቁጥሩን ሳያስብ ጨምድዶ የሚጥል እጅ ሥዕሉ ጋ ሲደርስ ለምን ይቆማል?

አንዳንዱ ሥዕሉን በመቀስ ቆርጦ መጽሐፍ ውስጥ ያስቀምጠዋል። አንዳንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወስደዋል። አንዳንዱ ደግሞ አዲሱን መቁጠሪያ በአሮጌው ላይ ደርቦ ይሰቅላል፤ እኔ ባደግኩበት ቤት አንድ ሚስማር ላይ የስድስት ሰባት ዓመት ሥዕል ተደራርቦ ይገኝ ነበር። ሥራዬ ሶፍትዌር መሥራት ስለሆነ ይህን ሳስብ ቶሎ የሚመጣልኝ አሮጌ ኮድ ነው። ምን እንደሚሠራ በደንብ ያልገባህን መስመር አታጠፋውም፤ «ይቆይ» ብለህ ታልፈዋለህ። ግን ንጽጽሩ ሩቅ አያስኬድም። አሮጌ ኮድ የማናጠፋው ፈርተን ነው። ሥዕሉን የማንጥለው በፍርሃት ብቻ አይመስለኝም።

ጉዳዩ የኦርቶዶክስ ብቻም አይደለም። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ግድግዳ ላይ የሰው ሥዕል አይሰቅሉም፤ ያረጀ የቁርኣን ገጽ ግን ከቆሻሻ ጋር አይጥሉም፣ በክብር ይቀብሩታል ወይም ያቃጥሉታል። አይሁድ የእግዚአብሔር ስም ሊኖርበት የሚችል ጽሑፍ ስለማይጥሉ፣ በካይሮ የቤን ዕዝራ ምኩራብ ውስጥ ለመቶዎች ዓመታት ያረጀ ወረቀት በአንድ ክፍል ሲያጠራቅሙ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1896 መጨረሻ ሰለሞን ሼክተር የተባለ ምሁር ወደዚያ ሄዶ ከመቶ ሺህ በላይ ቁርጥራጭ ወደ ካምብሪጅ ወሰደ። ከውስጡ ጸሎት ብቻ አይደለም የተገኘው፤ የነጋዴ ሒሳብ፣ የጋብቻ ውል፣ የግል ደብዳቤም ነበረበት። የዚያን ዘመን ተራ ሰው ኑሮ ዛሬ የምናውቀው፣ ሰዎች «ይሄን መጣል ነውር ነው» ስላሉ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይሄ ነው፦ አንድ ቁስ፣ ያውም በፋብሪካ የተባዛ ቁስ፣ ክብር ሊገባው ይችላል? ከገባውስ ክብሩ የት ነው ያለው?

ለእኔ ጥያቄው የመጣው ከመጽሐፍ አይደለም። ዓለም ባንክ ውስጥ ሁለት ክፍል ቤት ከጓደኛዬ ጋር ተከራይተን እንኖራለን። ጓደኛዬ ጴንጤ ነው። እኔ ኦርቶዶክስ ቤት ያደግኩ፣ ዛሬ ግን «ታምናለህ ወይ?» ብትሉኝ ከመመለሴ በፊት ትንሽ ዝም የምል ሰው ነኝ። ቤቱን በያዝን በወሩ እናቴ ልትጠይቀኝ መጣች፤ በነጠላዋ የጠቀለለችውን ስትፈታው በመስታወት የተሠራ ሥዕል ነው። ምስለ ፍቁር ወልዳ። «ልጄ፣ ባዶ ቤት አትደር» አለችኝ። ቤቱ ባዶ አልነበረም። ሁለት ላፕቶፕ፣ ራውተር፣ ፍራሽ፣ የጓደኛዬ ጊታር አለ። ግን ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቶኛል። «ታምናለህ ወይ?» ብላ አልጠየቀችኝም፤ የት እንደምሰቅለው ነው የጠየቀችኝ።

በዚያው ሰሞን አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከቤት ማስዋቢያ ሱቅ የቡድሃ ራስ ገዝቶ ጠረጴዛው ላይ አደረገ። ጠዋት ጠዋት ስልኩ ላይ በጫነው አፕ እየተመራ አሥር ደቂቃ ዐይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል። ጥሩ ልማድ ነው፣ ሰውየው በእውነት ተረጋግቷል። ሲጨርስ ግን ሄድፎኑን የሚሰቅለው ቡድሃው ራስ ላይ ነው። ባየሁት ቁጥር ደስ አይለኝም። ቡድሂስት አይደለሁም፣ በዚያ ሐውልት ፊት ሰግጄ አላውቅም። ታዲያ ምኔ ነው የተነካው?

ይህ ስሜት ዝም ብሎ የእኔ ባሕርይ እንዳይሆን ቡድሂስቶቹ ራሳቸው ምን እንደሚሉ አነበብኩ። ባንኮክ መንገዶች ላይ ቡድሃ የቤት ጌጥ እንዳልሆነ ለቱሪስቶች የሚያሳስቡ ትልልቅ ማስታወቂያዎች ተሰቅለዋል። ከታይላንድ የቡድሃ ምስል ይዞ ለመውጣት የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልጋል። በስሪላንካ አዲስ ሐውልት ሲሠራ ዐይኑ የሚሳለው በመጨረሻ፣ በተለየ ሥነ ሥርዓት ነው፤ ሠዓሊው ፊት ለፊት ሳያይ፣ ጀርባውን ሰጥቶ በመስታወት እያየ ይስለዋል። የሱቁ ቡድሃ ለምን ራስ ብቻ እንደሆነም አስቡት። በዓለም ሙዚየሞች ከሚታዩት የቡድሃ ራሶች ብዙዎቹ ከሙሉ ሐውልት ላይ ተቆርጠው የተወሰዱ ናቸው። ዘረፋው ያተረፈልን ቅርጽ ነው ዛሬ ጌጥ ሆኖ የሚሸጠው።

ግን ሌላም ነገር አለ። በመጀመሪያዎቹ ምዕተ ዓመታት ቡድሂስቶች መምህራቸውን በሰው መልክ አይቀርጹም ነበር። ሕንድ ውስጥ ሳንቺ በሚባለው ጥንታዊ ስፍራ ድንጋዩ ላይ የምታዩት የእግር ዱካ፣ መንኰራኩር፣ ዛፍ፣ ሰው ያልተቀመጠበት ዙፋን ነው። የሰው መልክ ያለው ቡድሃ በጋንዳራና በማቱራ በብዛት መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በመጀመሪያው ምዕተ ዓመት አካባቢ ነው። ማለትም ያለ ሥዕልም ለመቶዎች ዓመታት ኖረዋል። ሥዕል የግድ አይደለም። የግድ ካልሆነ ደግሞ ክብሩን ከየት አመጣው?

ሁለት ቀላል መልሶች አሉ። አንደኛው «ክብሩ ቁሱ ውስጥ ነው» ይላል። ሁለተኛው «ክብሩ ጭንቅላትህ ውስጥ ነው፤ ወረቀት ወረቀት ነው» ይላል። የምህንድስና ትምህርት ወደ ሁለተኛው ይገፋል። ሁለቱም ግን ፈተና አያልፉም።

የመጀመሪያውን በስልካችን እንፈትነው። በየወሩ በ12 ቴሌግራም ላይ ቅዱስ ሚካኤል ይጎርፋል፤ በ19 ገብርኤል፣ በ21 እመቤታችን፣ በ23 ጊዮርጊስ። «እንኳን አደረሳችሁ» የሚል ጽሑፍ ታክሎበት ከአራት ግሩፕ ይመጣል፣ ስልኩም ሁሉንም ያስቀምጣል። ቦታ ሲሞላ ምን እናደርጋለን? መቶ ሥዕል በአንድ ጊዜ መርጠን እናጠፋለን፣ እጃችንም አያመነታም። ክብሩ ምስሉ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ይሄ ከባድ ድፍረት በሆነ ነበር። ከእነዚያ ፋይሎች አንዱን አሳትማችሁ ሦስት ዓመት ብትጸልዩበት ግን ያንኑ ምስል እንደዚያ አትጥሉትም። ምስሉ አልተለወጠም። አንድ ነገር ግን ተለውጧል።

ሁለተኛው መልስ ደግሞ በሌላ ፈተና ይወድቃል። የሞተች አያታችሁን ፎቶ አስቡ። ማንም በማያይበት ክፍል ዐይኗን በመርፌ ውጉት ብትባሉ ታደርጉታላችሁ? አያታችሁ አያማትም። ወረቀት ነው። ሆኖም አብዛኛው ሰው አያደርገውም፤ የሚያደርግ ሰው ካገኘንም «ምክንያታዊ ነው» አንለውም፣ አንድ ነገር የጎደለው ይመስለናል። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ጭንቅላት ውስጥ ያለ ሐሳብ ብቻ አይደለም። እጃችን የሚያደርገው እኛን ይሠራናል።

የሰፈሬ ስም እዚህ ላይ ይረዳኛል። ሰፈራችን ዓለም ባንክ የተባለው በዚያ ትልቅ ባንክ ስም ነው። የታክሲ ረዳቱ «ዓለም ባንክ! ዓለም ባንክ!» ብሎ ሲጠራ ግን ዋሽንግተን ትዝ የሚለው ተሳፋሪ የለም። በእኛ ሙያ ፖይንተር የምንለው ነገር አለ፤ ራሱ ዋጋ የለውም፣ ዋጋው የሚያመለክተው ቦታ ነው። የሰፈራችን ስም ማመልከት ያቆመ ፖይንተር ነው፤ የድሮውን ትቶ አሁን መንገዱን፣ ሱቁን፣ ጭቃውን ያመለክታል። በስም ላይ ይሄ ጉዳት የለውም። ሥዕል ላይ ሲደርስ ግን ትልቅ ነገር ነው። ቤተ ክርስቲያን ስለ ሥዕል የምታስተምረው ዋና ነጥብ ይኸው ነው፦ ክብሩ ወደተሣለው ያልፋል እንጂ ቀለሙ ላይ አይቆምም። ዮሐንስ ዘደማስቆ በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥዕል አጥፊ ነገሥታትን የተከራከረው በዚህ ነው። የእኛም ሊቃውንት የአምልኮ ስግደትን ከአክብሮት ስግደት የሚለዩት በዚህ መንገድ ነው። አደጋውም ከዚያው ይመጣል። ማመልከት ያቆመ ሥዕል እንደ ሰፈሬ ስም ይሆናል፤ ሁሉም ይጠራዋል፣ ማንም ግን ወደዚያ አይሄድም።

በዚህ ጉዳይ እኛ አገር ደም ፈስሷል። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. 1434–1468) የእመቤታችንን ክብር የመንግሥቱ መሠረት አደረጉት። ተአምረ ማርያም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ አዘዙ፣ ሠላሳ ሦስቱ በዓላቷ እንዲከበሩ ደነገጉ። ፍሬ ጽዮን የተባለው ሠዓሊ በእንጨት ገበታ ላይ ማርያምን የሣለው በእርሳቸው ዘመን ነው። በዚያው ዘመን ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉት መነኮሳት «ስግደት ለሥላሴ ብቻ ነው» ብለው ለሥዕሏና ለመስቀሉ፣ ለንጉሡም አንሰግድም አሉ። ተገረፉ፣ ተሰደዱ፣ ብዙዎቹም ተገደሉ። የሚገርመው ግን የእነርሱ ገዳም ጉንዳ ጉንዴ በኋላ ካፈራቸው ነገሮች አንዱ እጅግ ያማሩ ሥዕሎች ያሉባቸው የብራና መጻሕፍት ናቸው። ሥዕል አልጠሉም። የጠሉት ክብር በአዋጅ መጠየቁን ነበር። ሁለቱን ወገን አንድ ላይ ሳያቸው የምረዳው ይህን ነው፦ በግዳጅ የተሰጠ ክብር ሥዕሉንም ያዋርደዋል።

ከዚያ ደግሞ የኵርዓተ ርእሱ ታሪክ አለ። የእሾህ አክሊል የደፋውን ክርስቶስን የሚያሳይ ሥዕል ነው። የጥበብ ታሪክ አጥኚዎች እንደሚሉት የሣለው አውሮፓዊ ነው፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ። ይህ የፈረንጅ እጅ ሥራ ነው የኢትዮጵያ ነገሥታት ወደ ጦር ሜዳ ይዘውት የሚዘምቱት፣ መኳንንቱ የሚምሉበት ሥዕል የሆነው። በ1744 እ.ኤ.አ. በዐፄ ኢያሱ ዳግማዊ ጊዜ በስናር ጦርነት ተማረከ፤ በወርቅ ተዋጅቶ ተመለሰ። በ1868 መቅደላ ላይ የእንግሊዝ ጦር ሲገባ ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከው ሪቻርድ ሆምስ አገኘው። ለሙዚየሙም አላስረከበም፣ ለራሱ አስቀረው። በ1917 ለንደን ውስጥ በጨረታ ተሸጠ፣ በኋላም ፖርቱጋል በግለሰብ እጅ ገባ።

ሆምስ የወሰደው ምንድን ነው? ገበታውንና ቀለሙን። መሐላውን፣ ዘመቻውን፣ በፊቱ የወደቀውን ሕዝብ ሊወስደው አይችልም። ለዚህ ነው ክብሩ «ቁሱ ውስጥ» ወይም «ጭንቅላት ውስጥ» የሚለው ምርጫ የማያረካኝ። ክብሩ በሥዕሉና በሰዎች መካከል ሲኖር የቆየ ግንኙነት ውስጥ ነው። ግንኙነት ደግሞ ምናባዊ አይደለም። ጓደኝነት ኪስ ውስጥ አይገኝም፣ ግን አለ፤ ሊሰበርም ይችላል። ዘመናችን ስለ «ፈረንጅ ሥዕል» እና «የአገር ሥዕል» ብዙ ይከራከራል። የራሳችንን የአሳሳል ወግ እወዳለሁ፤ ቅዱሳኑ በሁለት ትልልቅ ዐይኖች ፊት ለፊት የሚያዩበት፣ ክፉዎቹ ደግሞ በአንድ ጎን፣ በአንድ ዐይን የሚሣሉበት ወግ ትልቅ ሐሳብ አለው። ቅዱስ ያይሃል፣ ክፉ ከዐይንህ ይሸሻል። ግን ኵርዓተ ርእሱን አይቶ «ፈረንጅ የሣለው ስለሆነ አይደለም» የሚል ሰው የመሐላውን ታሪክ አላነበበም።

ይህን ሁሉ ለጓደኛዬ አንድ ማታ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «ግንኙነት ከሆነማ ከቡና ስኒዬም ጋር አለኝ» አለ። ትክክል ነው። የጎደለውን እንዳስብ አደረገኝ። ስኒው ለእኔ ነው የሚሠራው፤ ከእኔ ምንም አይጠይቅም። ሥዕሉ ግን የአንድ ሌላ ሰው ፊት ነው፣ ፊት ደግሞ ይጠይቃል። ባልደረባዬ ቡድሃው ላይ ሄድፎን መስቀሉ ያስከፋኝ ለዚህ ይመስለኛል። እንዲረጋጋ እንዲያገለግለው አደረገው፣ ከእርሱ ምንም እንዲጠይቅ ግን አልፈቀደለትም። ቡድሃ ስለ ምኞት ያስተማረውን አንድ ነገር ሳይሰማ ሰላሙን ብቻ ወሰደ።

ጓደኛዬ ግን በዚህ አላበቃም። «የእኔ ፍርሃት ሌላ ነው» አለኝ። «ለሥዕል መጋረጃ የሚሠራ ሰው መጋረጃውን ከሠራ በኋላ ግዴታውን የጨረሰ ይመስለዋል። በር ላይ የቆመው ሰው ደግሞ መጋረጃ የለውም።» ይህን መልስ የለኝም ብዬ ሳይሆን መልሱ ከእኛው ወገን ስለሆነ ተቀበልኩት። ዮሐንስ አፈወርቅ ከ1600 ዓመት በፊት አንጾኪያ ላይ የሰበከው ይህንኑ ነው፦ መቅደሱን በወርቅ አስጊጦ ክርስቶስን በራበው ሰው ውስጥ ማለፍ ክብር አይደለም። አፈወርቅ ወርቁን አውልቁ አላለም፤ መጀመሪያ የራበውን አብሉ ነው ያለው። ሥዕል የሚያመለክት ከሆነ ወደ ሰማይ ብቻ አያመለክትም።

አሁን ወደ እናቴ ሥዕል። እርግጠኛ ሳልሆን መስቀል ውሸት ነው ወይ? «አምናለሁ» ብዬ ብናገር ውሸት ሊሆን ይችላል። መስቀል ግን ዓረፍተ ነገር አይደለም። «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ የሰላምታ መልስ የሚሰጥ ሰው በየጊዜው የሃይማኖት መግለጫ እያወጣ አይደለም፤ ምስጋና የሚባል ነገር የሚኖርበትን ቦታ ክፍት እያደረገ ነው። ሥዕሉም እንደዚያ ነው፤ ለአንድ ጥያቄ ግድግዳ ላይ ቦታ መልቀቅ። ውሸት የሚሆነው ለሌላ ዐይን ሲሰቀል ነው። አከራይ ሲመጣ እንዲያይ፣ እንግዳ «ጨዋ ልጅ ነው» እንዲል፣ ቪዲዮ ስብሰባ ላይ ከጀርባ እንዲታይ። ሥዕሉ እኔን ማየቱን ትቶ እኔ በእርሱ ስታይ፣ ያኔ ማውረድ ይሻላል።

ስለዚህ ሳሎን አልሰቀልኩትም፤ ሳሎኑ የሁለታችን ነው፣ ጓደኛዬ ያላመነበትን በየቀኑ ማየት የለበትም። በእኔ ክፍል በምሥራቅ በኩል አደረግሁት። መዶሻው የጓደኛዬ ስለሆነ ሚስማሩን የመታው እርሱ ነው። «ሚስማሩን ብቻ ነው የመታሁት» ብሎ ሳቀ።

ለራሱ ቤት ሥዕል ለሚመርጥ ሰው የምለው ትንሽ ነው። ንዋያተ ቅድሳት ሱቅ ገብታችሁ ከሶፋው ቀለም ጋር የሚሄደውን አትፈልጉ። ፊት ለፊት ቆማችሁ አንድ ደቂቃ እዩት፤ ዐይኑን መቋቋም ካቃታችሁ እሱን ውሰዱ። ካመናችሁ ካህን ጋ ወስዳችሁ አስባርኩት። ክፍላችሁ ትንሽ ከሆነ ትንሽ ሥዕል ይበቃል። ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው ግድግዳ ላይ አትስቀሉት፤ የታተመ ቀለም ቀይና ቢጫው ቀድሞ ይለቅና ሥዕሉ ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። እርጥበት ያለው ግድግዳ ወረቀቱን ያብጠዋል። መስታወቱን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። በእንጨት ላይ በእጅ የተሣለ የድሮ ሥዕል ከወረሳችሁ ደግሞ ውኃ አታስነኩት። ጧፍ ከመጋረጃው አርቁ።

እነዚህ ተራ ነገሮች ናቸው፣ ተራነታቸው ግን ይጠቅማል። በሳምንት አንዴ መስታወቱን ስጠርግ ለሁለት ደቂቃ ያህል ምንም የማያመርት፣ ማንም የማይከፍልበት፣ ለማንም የማይታይ ሥራ እሠራለሁ። በቀረው ጊዜዬ ሁሉ የምነካው ነገር ለሆነ ጥቅም ነው፤ እንዲፈጥን፣ እንዲሸጥ፣ እንዲቆጠር። እዚያ ግድግዳ ፊት ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ የምጠየቀው እኔ ነኝ። የጓደኛዬም ፈተና እዚያው ይሠራል። ጨርቁን አስቀምጬ በሩን ስከፍት ደረጃው ላይ የተቀመጠውን ሰው ካላየሁት፣ የጠረግሁት መስታወት ብቻ ነው።